የከተማው መሐል ሲታደስ ገበያተኛውም ይጠየቅ

በገጠር መሐል የተመሠረተች አነስተኛ ከተማ ሁሉ ሁለት መልክ አላት። አንደኛው በአዘቦት ቀን የሚታየው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጥቂት ሱቆችና ሻይ ቤቶች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ይታያሉ። ሁለተኛው መልኳ የሚገለጠው በገበያ ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ከየአቅጣጫው የተነሣው ገበያተኛ፣ ወንዱ እህል የጫነ አህያውን እየነዳ፣ ሴቲቱ ቅቤዋንና እንቁላሏን ይዛ ይገባሉ። ረፋድ ላይ ሜዳው ይሞላል፤ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ይያዝበታል፤ ባለሱቁ የሳምንቱን ዋና ሽያጭ ያካሂዳል። ማታ ሁሉም ወደየመንደሩ ሲመለስ ሜዳው ባዶውን ይቀራል።

የከተማውን መሐል ለማደስ ፕላን የሚነደፈው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን መልክ ብቻ እያዩ ነው። ለውይይት የሚጠራውም በአዘቦት ቀን የሚገኘው ነዋሪ ነው። በገበያ ቀን ከተማይቱን ከተማ የሚያደርጋት የገጠር ሰው ስሙ በነዋሪነት መዝገብ ስለሌለ ከስብሰባው አይገኝም። ፕላኑ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ግን ከሚነካቸው ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳንና የሌሎች ነባር ሰፈሮችን መልክ ከለወጠ በኋላ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል። በሥራው መንገድ ይሰፋል፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ይነጠፋል፣ የጎርፍ መውረጃ ይሠራል፣ መብራትና ዛፍ ይተከላል። ይህን የሚደግፉ ወገኖች ከተሞቹ ለብዙ ዓመታት ሳይታደሱ መቆየታቸውንና ሥራው ለብዙ ሰው የሥራ ዕድል መክፈቱን ያስረዳሉ። የሚነቅፉት ደግሞ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ማጠሩንና ምክክሩ በቂ አለመሆኑን ይናገራሉ። ከእነዚህም መካከል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በግዳጅ የሚደረገው ማፈናቀል እንዲቆም ጠይቋል። በዚህ ክርክር ውስጥ የዋና ከተማው ነዋሪ ጉዳይ በሰፊው ሲነገር፣ የገጠር ከተሞች መሐል ሲነካ ስለሚነካው ገበሬ የተባለው ግን ጥቂት ነው።

ገበያ ያቆማት ከተማ

ከተማ የሚለው ቃል በቀድሞው ዘመን የጦር ሰፈር ማለት ነበር። በርካታ ከተሞች የተቆረቆሩት በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ ከተነሣ በኋላ ብዙዎቹን ያቆማቸው ገበያ ነው። ለዚህ የባቲ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ እህሉንና ሌላውን ምርቱን ይዘው ይገናኛሉ። በዚያ ቀን ባቲ የነዋሪዎቿ ብቻ አይደለችም፤ የሁለት የአየር ጠባይና የሦስት ሕዝብ መገናኛ ናት።

ገበያን ከቦታው የማንሣት ጉዳይም አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በቀድሞ ዘመን ይቆም የነበረው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። የኢጣልያ ወራሪ ኃይል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት ዘመን ነጩንና አገሬውን በሰፈር ለመለየት ባወጣው ፕላን መሠረት ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። የዛሬው መርካቶ የተተከለው በዚያን ጊዜ ነው። ገበያተኛውን የጠየቀው ማንም አልነበረም። መርካቶ አድጎ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ለመሆን የበቃው የወራሪው ፕላን ጥሩ ስለነበረ ሳይሆን፣ ነጋዴውና ገበሬው በተጣሉበት ቦታ ላይ እንደ አዲስ ስለሠሩት ነው። ዋና ከተማ በመሆኗ ሁሉ ነገር ወደ እርስዋ ይመጣ ነበርና ይህ ሊሆን ቻለ። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ግን ገበያው አንድ ጊዜ ከተበተነ ገበያተኛው ወደ ጎረቤት ከተማ ፊቱን ሊያዞር ይችላል።

የከተሞቹ መሐል ለምን እንደተጎሳቆለ ማወቅም ያስፈልጋል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ በየከተማው መሐል ያሉ ብዙ ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ሆኑ። ኪራያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ድሀው መጠለያ አገኘ፤ ቀበሌው ግን ከዚያ ኪራይ ለማደሻ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውም። ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣትን አልደፈረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግድግዳው ያዘመመው፣ ጣራው የዛገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ስለዚህ ዕድሳት አያስፈልግም የሚል ሰው አይገኝም። ጥያቄው ዕድሳቱ እንዴትና ከማን ጋር ተመክሮ ይካሄድ የሚለው ነው።

ሕጉ ማንን ይጠራል?

በሕግ ረገድ ሲታይ ምክክር የቸርነት ጉዳይ አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለከተሞች ሁለት ዓይነት ፕላን ይደነግጋል። አንደኛው ከተማውን በሙሉ የሚመለከተውና ለ10 ዓመት የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ነው። ሁለተኛው የአንድን ሰፈር አሠራር በዝርዝር የሚወስነው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። የከተማ መሐል ዕድሳት በአብዛኛው የሚመራው በዚህ በሁለተኛው ነው። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አዋጁ ያዛል።

ስለ መሬት መልቀቅ፣ ስለ ካሣና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በበኩሉ፣ በኋላ ማሻሻያ የተደረገበት ቢሆንም፣ ሲወጣ ሁለት ቁም ነገሮችን ይዞ ነበር። ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም አስቀድሞ እንዲመከርባቸው ያዝዛል። መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ሥፍራ ደግሞ ባለይዞታዎች በተናጠልም ሆነ በቡድን ሆነው በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት የቅድሚያ መብት እንዲኖራቸው ይላል።

እነዚህ ድንጋጌዎች መልካም ናቸው። ሆኖም በመጀመሪያ የሚጠሩት ባለይዞታውን ነው። ባለፎቁ፣ ባለሱቁና ባለመኖሪያ ቤቱ ካርታና ደብተር አላቸው። በገበያው ሜዳ ላይ ጆንያዋን ዘርግታ በርበሬ የምትሸጠው የገጠር ሴት ግን ያ ቦታ በእናቷም ዘመን የእናቷ መቀመጫ የነበረ ቢሆንም ካርታ የላትም። ለዚያች አንዲት ክንድ ቦታ ካሣ የሚተምን ደንብ የለም። ቦታው ሲሰረዝ ማስታወቂያ የሚለጠፈውም እርስዋ በማትገኝበት በአዘቦት ቀን፣ እርስዋ በማታልፍበት በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ነው።

የአንድ ሰዓት መንገድ ዋጋ

ገበያው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ቢወጣ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ጉዳቱን ለመረዳት የገበሬውን ቀን አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ገበሬ ከመንደሩ እስከ ገበያው ሦስት ሰዓት በእግሩ ይጓዛል እንበል። ማለዳ ከተነሣ ረፋድ ላይ ይደርሳል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ያልተስማማውን ትቶ የተስማማውን ይሸጣል፤ ጨውና ዘይት ይገዛል፤ እህል ያስፈጫል፤ ሳይመሽበት ይመለሳል። ገበያው በከተማው ማዶ ሆኖ መንገዱ በአንድ ሰዓት ቢረዝምበት በደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ያጣል። ያጣው ሁለት ሰዓት ዋጋ የሚጠይቅበትና የሚከራከርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከከተማው መግቢያ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ነጋዴ በተባለው ዋጋ አስረክቦ ይመለሳል። በወረቀት ላይ የቦታ ለውጥ ብቻ የሚመስለው ነገር በገበሬው ኪስ ሲመነዘር የዋጋ ለውጥ ይሆናል።

ጉዳቱ ለሴቶች ይብሳል። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ አትክልትና ቅመም በአብዛኛው የሴቶች ንግድ ነው። ከቤት ያለው ሥራ ስለሚጠብቃት ገበያ የምትውልበት ጊዜ ከወንዱ ያነሰ ነው። ከእህል ተራው፣ ከወፍጮ ቤቱና ከጤና ጣቢያው የራቀ ገበያ አንዱን ጉዳይዋን እንድትተው ያስገድዳታል። በአሮጌው ገበያ ዙሪያ ወፍጮ ቤቱ፣ አህያ ማሰሪያው፣ መናኸሪያውና ሱቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው የተሠሩት በአጋጣሚ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ምንም ነገር ከቦታው አይነቃነቅ ማለትም አይገባም። የከብት ተራው ከመኖሪያ ቤቶችና ከመኪና መንገድ ቢርቅ ለጤናም ለአደጋም ይበጃል፤ ከብቱን የሚነዳው ገበሬም በጠባብ መንገድ ከመኪና ጋር ከመጋፋት ይድናል። የገበያው ሜዳ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ሆኖ ይኑር የሚል የለም። ድንጋይ ቢነጠፍለት፣ ጥላ ቢሠራለት፣ ውኃና መጸዳጃ ቢኖረው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ገበያተኛው ራሱ ነው። መለየት ያለበት የትኛው ተራ ቢነሣ እንደሚጠቅም፣ የትኛው ቢነሣ እንደሚጎዳ ነው። ይህንን ደግሞ ከሁሉ የተሻለ የሚያውቀው ገበያ የሚውለው ሰው ነው።

የመንገዱ ሁኔታም ተለውጧል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ቀበሌዎችን በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም በብዙ አካባቢ ገበያተኛው የሚገባበትን አቅጣጫ ቀይሮታል። በእግር ይገባ የነበረው ከፊሉ ዛሬ በባጃጅና በጭነት መኪና ይገባል። ከዚያ በፊት በተነደፈ ካርታ ላይ ተመሥርቶ የገበያ ቦታ መምረጥ ገበያተኛው በማይመጣበት በር ላይ ቆሞ እንደ መጠበቅ ነው።

ማሳወቅና ማማከር

በየከተማው ከፕላን በፊት ውይይት አልተደረገም ማለት አይቻልም። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ባለሥልጣን ንግግር አድርጎ፣ ባለሙያው በግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ ያስረዳል። ከዚያም ተሰብሳቢው እጁን እያወጣ ይናገራል። በማግስቱ «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማማ» ተብሎ ይነገራል። ይሁን እንጂ ሥዕሉ አልቆ፣ በጀቱ ተይዞ፣ ሥራ ተቋራጩ ተመርጦ የሚጠራ ስብሰባ ማሳወቂያ እንጂ ማማከሪያ አይደለም። ሁለቱ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ተሰብሳቢው የሚናገረው ቃል ፕላኑን ሊለውጥ የሚችልበት ጊዜ አልፏል ወይስ አላለፈም?

ሌላው ችግር የሚጠራው ሰው ማንነት ነው። የገጠሩ ቀበሌ በወረዳው አስተዳደር ሥር ነው፤ ከተማው ደግሞ የራሱ ምክር ቤትና ማዘጋጃ ቤት አለው። ስለዚህ የከተማው ሹም የገጠሩን ሰው የመጥራት ግዴታ አይሰማውም፤ የወረዳው ሹምም የከተማው ፕላን የእርሱ ሥራ አይመስለውም። በሁለቱ መካከል ገበሬው ባለቤት ያጣል። ሆኖም ማዘጋጃ ቤቱ ከገበያው የሚሰበስበው ገቢም፣ ባለሱቁ የሚከፍለው ግብርም ምንጩ ሲቆፈር የሚገኘው በዚሁ ገበሬ ከረጢት ውስጥ ነው። ገበያተኛውን ያራቀ ከተማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል። ያማረ አደባባይ አግኝቶ አደባባዩን የሚሞላውን ሰው ያጣል።

የደርባን ትምህርት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ ስላልሆነ፣ በሁለቱም አሠራር ያለፈ የሌላ አፍሪካ አገር ከተማን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በደቡብ አፍሪካ የሕንድ ውቅያኖስ ወደብ በሆነችው በደርባን፣ ዋርዊክ ጃንክሽን የሚባለው ሥፍራ የባቡር፣ የአውቶቡስና የታክሲ መገናኛ ነው። በቀን ከ400 ሺህ በላይ ሰው እንደሚያልፍበት ይገመታል። በዘር መድልዎ ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ ወደ ከተማይቱ ይገባ የነበረው በዚህ በር ስለነበር ሆን ተብሎ የተዘነጋ ሥፍራ ነበር። የመድልዎው ሥርዓት ካከተመ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ቸርቻሪዎች የእግረኛውን መንገድ ሞሉት። ከእነርሱም መካከል ከገጠር ሥርና ቅጠል ለቅመው የሚያመጡ የባሕል መድኃኒት ሻጮች ይገኙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የደርባን ማዘጋጃ ቤት ሥፍራውን ለማደስ ሲነሣ ቸርቻሪዎቹን በማባረር አልጀመረም። የሥራውን ቢሮ ከማዘጋጃ ቤቱ አውጥቶ በገበያው መሐል በነበረ አሮጌ መጋዘን ውስጥ አደረገው። የጽዳት፣ የመንገድ፣ የጤናና የሕግ ማስከበር ክፍሎች በአንድነት ከቸርቻሪዎቹ ተወካዮች ጋር መምከር ጀመሩ። ከዚህ ምክክር ነው ተጀምሮ የቀረ የመኪና ድልድይ ለመድኃኒት ሻጮች ገበያ እንዲሆን የተደረገው። ሻጮቹ ከመንገድ ዳር ተነሥተው በዚያ ድልድይ ላይ ጥላና መደብ አገኙ፤ የእግረኛው ሕዝብም በድልድዩ ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ከገበያተኛው ጋር አልተለያዩም። የከብት ጭንቅላት ቀቅለው የሚሸጡት ደግሞ የሚደፉት ሞራ ቱቦ ይዘጋ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ንግዳቸውን ከመከልከል ይልቅ ለሥራቸው የሚሆን ውኃና ፍሳሽ ያለው ቦታ አዘጋጀላቸው።

ይኸው ማዘጋጃ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. የተቋቋመውን የማለዳ የአትክልት ገበያ አንሥቶ በቦታው ዘመናዊ የገበያ ሕንፃ ለማሠራት ወሰነ። የዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ አንድ ዓመት ብቻ ስለቀረው ችኮላ ነበረበት። ቸርቻሪዎቹ ውሳኔውን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። የፈሩትም መደባቸውን ማጣት ብቻ አልነበረም። አዲሱ ሕንፃ የእግረኛውን ጎርፍ ወደ ራሱ አዙሮ ያልተነካውንም ቸርቻሪ ያለ ገዢ እንዳያስቀረው ነበር። ሰልፍ ተደረገ፤ ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ የዓለም ዋንጫው አልፎ፣ ገበያው ግን በቦታው ቀረ።

ከአንድ ማዘጋጃ ቤት የወጡት እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚለያዩት በገንዘብ መጠን አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ ገበያተኛው ከሥዕሉ በፊት ተጠየቀ። በሁለተኛው ጊዜ ሥዕሉ ከገበያተኛው ቀደመ። የተመከረበት ሥራ ዘግይቶ የጀመረ ቢመስልም ተሠርቶ አለቀ፤ በችኮላ የተወሰነው ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ ባዶ እጁን ቀረ። «ምክር ያጣ ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው የአበው ብሂል ለማዘጋጃ ቤትም ይሠራል።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የከተማቸውን መሐል ለማደስ የሚያስቡ ምክር ቤቶች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት እርምጃዎችን ሊወስዱ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ከፕላን በፊት ቆጠራ ይቅደም። በተከታታይ ገበያ ቀኖች በየመግቢያው በር ላይ ሰው ቆሞ ስንት ሰው፣ ከየት ቀበሌ፣ ምን ይዞ፣ በእግር ወይስ በመኪና እንደሚገባ ቢመዘግብ የፕላኑ መሠረት የጸና ይሆናል። ይህን ሥራ የየከተማው ተማሪዎችና የቀበሌ ሠራተኞች ሊሠሩት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ውይይቱ በገበያ ቀንና በገበያው ሜዳ ይደረግ። በአዳራሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርታ ለማንበብ ያልተማረ ሰው በሜዳው ላይ በካስማና በገመድ የተለካን ቦታ ግን ባንድ ዓይን አይቶ ይረዳል። እህል ተራው እዚህ፣ ቅመም ተራው እዚያ ይሆናል ሲባል «አህያዬን የት አስራለሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው መሐንዲሱ ያልታየውን ነገር ያሳየዋል።

ሦስተኛ፣ በፕላኑ ኮሚቴ ውስጥ ገበያው የሚያገለግላቸው የገጠር ቀበሌዎች ተወካይ ይኑራቸው፤ ከተወካዮቹም ሴቶች አይታጡ። የከተማውና የወረዳው ምክር ቤቶች በዚህ ጉዳይ በጋራ ቢቀመጡ ገበሬው በሁለቱ መካከል ባለቤት አያጣም።

አራተኛ፣ አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ጊዜያዊው ይዘጋጅ። የገበያ ልማድ በአንድ ዓመት አይተከልም፤ በጥቂት ሳምንት ግን ሊበተን ይችላል። ሥራው በክፍል በክፍል ቢካሄድና የመኸር እህል በብዛት የሚወጣበት ወቅት ቢታለፍ ጉዳቱ ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ የተጠየቀው ሰው መልስ ያግኝ። የተቀበሉትን አስተያየት፣ ያልተቀበሉትንና ያልተቀበሉበትን ምክንያት በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ማሰማት የሚያስከፍለው ነገር የለም። ሐሳቡ ያልተፈጸመለት ሰው እንኳ ምክንያቱን ከሰማ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ ይመክራል። ካልሰማ ግን ሁለተኛ ስብሰባ አይመጣም።

ይህ ሁሉ ሥራውን ያጓትታል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ጥቂት ገበያ ቀኖች ይወስዳል። ይሁን እንጂ ተሠርቶ ሰው ያልገባበትን የገበያ አዳራሽ እንደገና ከማፍረስ፣ በነጋዴ አልባ አደባባይ ላይ አበባ ከማጠጣት ይልቅ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል። የከተማ መሐል የሚታደሰው ለመንገደኛ ዓይን እንዲያምር ብቻ አይደለም። ሰኞም ሆነ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዛ ለምትመጣው ገበያተኛ የምትቀመጥበት ቦታና የሚገዛት ሰው እንዲኖራት ጭምር ነው። ይህንንም አስቀድሞ እርስዋን ጠይቆ መጀመር የየምክር ቤቱ ኃላፊነት ነው።